ችግርን የመረጠና ችግር የመረጠው

ስለ በረሃ፣ ስለ ዋልታ በረዶና ስለ ሩቅ ምድር የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ከረጅም ጊዜ አንሥቶ ቦታ ይዘው ይገኛሉ። ወጣቱ በጉጉት ያነባቸዋል፤ መምህሩ የጂኦግራፊ ትምህርት ማጣፈጫ ያደርጋቸዋል፤ ሠዓሊውና ደራሲውም ዓይናቸውን ወደ ሩቅ አድማስ ያቀኑባቸዋል። የመጻሕፍቱ ሂደት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰው የሞቀ ቤቱን ትቶ ይወጣል፤ ይራባል፣ ይጠማል፣ ከሞት አፋፍ ይደርሳል፤ ተመልሶም ይጽፋል። አንባቢውም መጽሐፉን ሲዘጋ «እንዴት ያለ ጀግና ነው!» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አድናቆት መንፈግ አይደለም፤ ለማን እንደሚገባ መጠየቅ ነው። ችግርን ፈልጎ የሄደ ሰውና በዚያው ችግር ውስጥ ተወልዶ የሚኖር ሰው በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ሲጓዙ፣ የጀግንነት ስም ለአንዱ ብቻ የሚሰጠው በምን ሚዛን ነው? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለተጓዡ የሚገባውን እንስጠው። የደቡብ ዋልታ አህጉር ነባር ሕዝብ ያልነበረው ምድር ነው፤ ወደዚያ የሄደ ሰው የማንንም ቤት አልደፈረም። በ1911 የዋልታ ክረምት፣ ፀሐይ በማትወጣበት ወቅት፣ ዊልሰን፣ ባወርስና ቼሪ ጋራርድ የተባሉ ሦስት የስኮት ጉዞ ቡድን አባላት ኤምፐረር ፔንግዊን የተባለውን ወፍ ዕንቁላል ፍለጋ ሄዱ። በዕንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ ወፎች ከገበሎ አስተኔ እንስሳት የመጡበትን መንገድ ያሳያል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጋሪያቸውን በበረዶ ላይ እየጎተቱ፣ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ብርድ ውስጥ አምስት ሳምንት ያህል ቆይተው በሦስት ዕንቁላሎች ተመለሱ። ዕንቁላሎቹ ኋላ ሲመረመሩ የተጠበቀውን ያህል አልፈየዱም። ቼሪ ጋራርድ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዞ ሲተርክ ራሱን አላገነነም። ከልብ ያከበረው ሁለቱ ጓደኞቹ በዚያ ሥቃይ ውስጥ እርስ በርስ ያሳዩትን ትሕትናና ርኅራኄ ነው። ጓደኞቹ በ1912 ከስኮት ጋር ስለሞቱ መጽሐፉ የሐዘን ዕዳ ክፍያም ነበር። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ያበለጽጋል።

ሆኖም በዚያ ባዶ አህጉር እንኳ ኅብረተሰቡ አብሮ ተጉዟል። ቡድኑ በከረመበት ጎጆ ውስጥ መኮንኖችና ተራ መርከበኞች በሣጥን ክምር ግድግዳ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከለንደን ርቀውም የመደብን ወሰን ከሣጥኑ ጋር ጭነው ወስደዋል። በሌላ በኩል ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ከስኮት ቀድሞ ዋልታውን የረገጠው ኖርዌያዊው አሙንድሰን፣ የጸጉር ልብስ አለባበስንና በውሻ የሚጎተት ጋሪ አጠቃቀምን በሚመለከት ብዙ የተማረው ከ1903 እስከ 1906 ባደረገው የሰሜን ጉዞ ሁለት ክረምት አብረውት ከቆዩት የኔትሲሊክ ኢኑይቶች ነው። እንግዲህ ሰው በሌለበት ምድር የተገኘው ድል እንኳ በብርድ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች የተገኘ ዕውቀት ነበረበት።

ወደ ሰሜኑ ዋልታ ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። ሚያዝያ 6 ቀን 1909 አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደርሻለሁ አለ። በእርግጥ መድረሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን ብቻውን አለመሆኑ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ማቲው ሄንሰን፣ እንዲሁም ኡታ፣ ኢጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኬያ የተባሉ አራት ኢኑይቶች አብረውት ነበሩ። ሄንሰን የኢኑይቶችን ቋንቋ የተማረ፣ ጋሪ የሚሠራ፣ ውሾችን የሚነዳ ሰው ነበር። ከጉዞው በኋላ ፒሪ የአድሚራልነት ማዕርግ ሲያገኝ፣ ሄንሰን በ1912 የራሱን መጽሐፍ ቢያሳትምም በኒውዮርክ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ሥራ ላይ ተቀምጦ ዘመኑን ገፋ። በ1955 ሞተ። አጽሙ ከፒሪ መቃብር አጠገብ በክብር ያረፈው በ1988 ነው። የአራቱን ኢኑይቶች ስም ከጥቂት አንባቢዎች በቀር ዛሬም የሚያውቀው የለም።

ከዚህም የከፋ አለ። በግሪንላንድ ሰሜን ምዕራብ የሚኖሩት ኢኑይቶች ከሰማይ ከወደቀ የብረት ድንጋይ ላይ ብረት እየቀጠቀጡ ለብዙ ትውልድ ቢላዋና የአደን ጦር ሲሠሩ ኖረዋል። ፒሪ በ1890ዎቹ ዓመታት እነዚህን ድንጋዮች በመርከብ ጭኖ ወሰዳቸው፤ በኋላም በ40,000 ዶላር ለኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሸጡ። በ1897 ደግሞ ስድስት ኢኑይቶችን ወደ ኒውዮርክ አመጣ። አራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በበሽታ አለቁ። ሚኒክ የተባለው ሕፃን አባቱ የተቀበረ መስሎት አደገ፤ የአባቱ አጽም ግን በሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የአራቱ ሟቾች አጽም ወደ አገሩ ተመልሶ አፈር የቀመሰው በ1993 ነው። የብርድን ጭካኔ ያሸነፈ ጀግና ሲባል የኖረ ሰው እጅ ከብርዱ የበለጠ የጨከነበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ1928 ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ ከሁለት ኢጣሊያውያን ጋር የአፋርን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ በአሜሪካ ሲታተም ያንን ምድር የፍጥረት ሁሉ ገሃነም የሚያሰኝ ርእስ ተሰጠው። ሙቀቱ እውነት ነው፤ በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ነገር ግን «ገሃነም» የሙቀት መለኪያ አይደለም፤ የፍርድ ቃል ነው። ገሃነም የሚኖርበት ማነው? ኩነኔ የተፈረደበት ነው። እስቲ ከዚያ ምድር የመጣ አንድ ተማሪ ይህን ርእስ በክፍል ውስጥ ሲያነብ እናስብ። እናቱ የወለደችበት፣ አባቱ ግመል ያረባበት፣ የጉድጓዱን ውሃ ሁሉ በስም የሚያውቀው አገር በመጽሐፍ ላይ ገሃነም ተብሎ ሲጠብቀው፣ የሚማረው ጂኦግራፊን ነው ወይስ ኀፍረትን?

ተቃራኒው ስሕተትም ከዚህ አይሻልም። በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደው እንግሊዛዊ ቴሲጀር ከ1933 እስከ 1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ተጓዘ። በኋላም ሩብ አል ኻሊ የተባለውን የዐረብ በረሃ ከበደዊዎች ጋር ሁለት ጊዜ አቋርጦ በ1959 መጽሐፉን አወጣ። ቴሲጀር በረሃውን አልሰደበም፤ አፈቀረው። መጽሐፉንም መታሰቢያ ያደረገው ለሁለቱ ወጣት የጉዞ ጓደኞቹ፣ ለቢን ካቢናና ለቢን ጋበይሻ ነው። ይህ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ነዳጅ ዘይትና መኪና ሲመጡ የሚወደው ኑሮ ጠፋ ብሎ አዘነ። ኀዘኑን መረዳት አይቸግርም፤ የጠፋው ነገር ውበት ነበረው። ሆኖም የታመመ ልጁን ወደ ሐኪም በመኪና የሚያደርስ አባት «ግመልህ ያምርብህ ነበር» ሊባል ይገባዋልን? ገሃነም ብሎ የጻፈውም ገነት ብሎ የጻፈውም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የአገሩን ሰው አልጠየቁትም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። «የሥነ ምግባር ዋጋ ያለው በፈቃድ የተደረገ ነገር ነው፤ ተጓዡ ምቾቱን በፈቃዱ ትቶ ችግርን መርጧል፤ ነባሩ ሰው ግን ምርጫ ስለሌለው ቻለው እንጂ ጀግና አልሆነም» የሚል ነው። መከራከሪያው ግማሽ እውነት አለው። ምርጫ በሌለበት ምስጋናም ወቀሳም የለም። ስሕተቱ ምርጫን የሚፈልገው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምስክሩ የቴሲጀር መጽሐፍ ራሱ ነው። ተጓዦቹ በረኃብ ደክመው ሳሉ አንድ ጥንቸል አግኝተው ቀቀሉ፤ ሊበሉ ሲሉ ሌሎች ዐረቦች ደረሱባቸው። በደዊዎቹ ምግቡን ለእንግዶቹ አቀረቡ፤ እነርሱ ምራቃቸውን እየዋጡ ተመለከቱ። እነዚህ ሰዎች በረሃውን አልመረጡትም፤ ተወለዱበት። ያንን ሥጋ ለእንግዳ መስጠትን ግን መረጡ። ስለዚህ የጀግንነት ሚዛን ሰው ወደ ችግሩ የገባበት በር አይደለም፤ በችግሩ ውስጥ ሳለ ለሌላው ሰው ያደረገው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ዊልሰንና ባወርስ ይከብዳሉ፤ በደዊዎቹም ይከብዳሉ። የሚኒክን አባት በመርከብ ያመጣው ሰው ግን ዋልታውን ረግጦም ቢሆን ይቀላል።

በተጓዡና በነባሩ ሰው መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የመመለሻ መንገድ ነው። አንዱ ሲበቃው ይመለሳል፤ ሌላው እዚያው ይውላል፣ ያድራል። የመመለሻ መንገድ መኖሩ ኀጢአት አይደለም። ይህን መንገድ ደብቆ የሁለቱን ሥቃይ አንድ አስመስሎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

ፍርዱን በባዕዳን ላይ ብቻ ማሳረፍ ቀላል ነው። እኛስ? በቋንቋችን «በረሃ ገባ» ስንል ሸፈተ ወይም መነነ ማለታችን ነው፤ በረሃ ሰው ከሰው የሚለይበት እንጂ ሰው የሚኖርበት ሆኖ አይታሰበንም። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከዚያ ሜዳ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን ገንዘባችን ሆኖ ኖሯል፤ ወጣችንንም አጣፍጧል። ደገኛው አሞሌውን ቆጥሮ ሲቀበል የፈለጠውን እጅ ስንት ጊዜ ጠየቀ? «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለን ጨውን መከርን፤ ጨው ፈላጩን ግን በተረታችን ውስጥ እንኳ አላስገባነውም።

«ታዲያ ነባሩ ሰው ለምን አልጻፈም?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ ተናግሯል የሚል ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆም ብለው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ይነጋገራሉ። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቃል ተማምኖ ከብቱን ይዞ የሚነሣ ሰው አለ። ይህ የጉዞ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ ወደዚያ ፈጽሞ ለማይሄድ አንባቢ ሳይሆን ነገ በዚያው መንገድ ለሚያልፍ ሰው የሚነገር መሆኑ ነው።

ስለዚህ የጀብዱ መጻሕፍትን ከመደርደሪያ ማውረድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በዳጉ ሕግ ማንበብ ነው። መምህሩ ለተማሪው ሲሰጣቸው ሦስት ጥያቄ ያስይዘው፤ ውሃውን ያሳየው ማነው? ስሙ ተጽፏልን? ጸሐፊው ከሄደ በኋላ እዚያ የቀረው ሰው ምን ሆነ? ደራሲውም ስለ በረሃ ለመጻፍ ሲነሣ፣ የጻፈው ቃል ለበረሃው ሰው ቢነበብለት ያ ሰው «እውነት ነው» ብሎ ሊቀበለው ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ያንን ፈተና የሚያልፍ መጽሐፍ ሲወጣ፣ ጸሐፊው ከሩቅ ይምጣ ከቅርብ፣ አድናቆታችንን ሳንሰስት እንሰጠዋለን።