«የአላህ ውሳኔ ነው» ካልን በኋላ



የዛሬው የጁምዐ ጽሑፋችን ሰው ፊት ስሙን ለመጥራት ስለምናፍረው አንድ የሕፃናት ሕመም ነው። ፊንጢጣው ሳይከፈት የሚወለድ ሕፃን አለ። መውጫው ያለ ቦታው ተከፍቶ የሚወለድም አለ፤ በሴት ልጅ ከብልቷ አጠገብ ይወጣል፣ በወንድ ልጅ ደግሞ አንጀቱ ከሽንት ቱቦው ጋር ይገናኛል። በዓለም ላይ በግምት ከ5000 ሕፃናት በአንዱ ይከሰታል። ጥቂት ይመስላል። በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት አገራችን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ማለት ነው። ከእነሱ መካከል የእንጅባራና የዳንግላ ገጠር እናቶች አሉበት።

ነገሩ ሲሰማ የመጀመሪያው ቃላችን «የአላህ ውሳኔ ነው» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከቃሉ በኋላ ያለው ነው። ብዙዎቻችን ይህን ተናግረን ነጠላችንን አስተካክለን እንወጣለን።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ ነው የሚል ነበር። ግመሎቹን ይዞ ሸለቆ የወረደ ሰው አንዱ ወገን ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆንበት፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው የሚል ምሳሌም ሰጡ። አገው ምድር ላይ ከብትና ፈረስ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ለዚህ ምሳሌ ማብራሪያ አይፈልግም። እረኛው ደረቁ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ «ውሳኔ ነው» ቢል የከብቶቹ ባለቤት ምን እንደሚለው ያውቃል።

ስለዚህ ሕፃኑ እንዲህ መወለዱ ውሳኔ ከሆነ፣ ያዋለደችው ነርስ አገላብጣ ማየቷም ውሳኔ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልትም ውሳኔ ነው። ቀዶ ሐኪሙም እንዲሁ።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ፤ ብዙ ሊባልበት አይገባምና። እናቲቱን «ምች መትቷት ነው»፣ «ዓይን በልቷት ነው»፣ «በእርግዝናዋ ምን ብታይ ነው» ማለት ውሸት ነው። ይህ የአካል ክፍል የሚሠራው በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና በወጉ ሳያውቁ። በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም። ምክንያት በሌለበት ጥፋተኛ መፈለግ በደል ነው። የሚበደለው ደግሞ ሁሌም ያው ሰው ነው፤ ገና ወገቧ ያልጸና አራስ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ የጤና ትምህርት ላይ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ግን ልትሰሙት ይገባል። ሕፃን እንደተወለደ የፊንጢጣውን ቦታ በዓይን ማየት መሣሪያ አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደቂቃ አይፈጅም። ጤነኛ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ጥቁር አረንጓዴ ሰገራውን ያወጣል። ይህ ካልሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ነገር ካስታወከ፣ አማን ውሃና ጥሬ ቅቤ እያቀመሱ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። መውጫው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ በቀን ብዛት የሚቆይ ሕፃን አንጀቱ ሊቀደድ ይችላል። በሴቶች ልጆች ላይ ግን ሰገራው በሌላ ቀዳዳ ስለሚወጣ ቤተሰቡ «ደህና ናት» ብሎ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊዘናጋ ይችላል። ቤት ውስጥ ለሚወልዱ እናቶች ይህን የምትነግራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻ አትሁን። የእናንተ አክስትና እህት የምትወልድበት ቤት ነው።

ሕክምናው አለ፣ ሥሩም ጥንታዊ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖረው አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሥራው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በስስ ሽፋን ተዘግቶ ስለሚወለድ ሕፃን ጽፏል። ሽፋኑ እንዴት እንደሚከፈት፣ ሲከፈት ጡንቻው እንዳይነካ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ፣ መልሶ እንዳይዘጋም የእርሳስ ቱቦ ለቀናት እንደሚገባ አስተምሯል። እነዚያ ሁለት ስጋቶች፣ ጡንቻውና መልሶ መጥበቡ፣ ዛሬም የሐኪሞች ስጋቶች ናቸው። በ1980 በሜክሲኮ ከተማ ሐኪሙ አልቤርቶ ፔኛ ከበስተኋላ በትክክል በመሀል መስመር ከፍቶ፣ ጡንቻዎቹን በዓይን እያየ፣ አንጀቱን በቦታው የሚያስቀምጥበትን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ይኸው መንገድ ነው።

ለቀላሉ ዓይነት አንድ ቀዶ ሕክምና ሊበቃ ይችላል። ለከባዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው። መጀመሪያ ሰገራው በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኮሎስቶሚ ይሉታል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይሠራል። በመጨረሻ የሆዱ ቀዳዳ ይዘጋል። በመካከላቸው ወራት አሉ፤ ወረፋ፣ የክብደት ማነስና የገንዘብ እጦት ሲጨመርበት ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። እነዚያን ወራት ነው እንድታስቧቸው የምፈልገው። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው በሰዓታት ይለካል፤ የቀረው በሙሉ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው።

ከእንጅባራ ወጣ ካለች አንዲት ቀበሌ የምትኖር እናት አስቡ። ሆዱ ላይ ቀዳዳ ያለበት የሁለት ሳምንት ልጅ ይዛ ተመልሳለች። ቀዳዳው ቀይና እርጥብ ነው፣ እንደ ከንፈር ውስጥ። ሲነካ ሕፃኑን አያመውም፤ ይህን ነርስ ካልነገራት ግን ለመንካት እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰገራው ጊዜ አይጠብቅም። ማጠራቀሚያ ከረጢቱ በየፋርማሲው አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው፤ ስለዚህ ጨርቅ ቀዳ፣ አጥፋ ታስራለች። ጨርቁ ሲርስ መቀየር፣ ቆዳውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ጨርቁን አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት። በቀን ስምንቴ፣ አሥሬ። በአዊ ክረምት ጨርቅ የት ይደርቃል? ለአንድ ቀን ቸል ከተባለ ቆዳው ይላጣል፣ ሕፃኑም ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ቀዳዳው ከጠቆረ ወይም አንጀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ከዋናው ቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ የባሰ አለ። አዲሱ መውጫ እንዳይጠብ በየመጠኑ በተዘጋጀ ማስፊያ ብረት በቀን ሁለት ጊዜ ማስፋት ያስፈልጋል፣ ለወራት። ብዙውን ጊዜ የምታደርገው እናት ናት። ልጁ ያለቅሳል፤ እሷም እያለቀሰች ታደርገዋለች። ብታቆም ይጠብና ቀዶ ሕክምናው ሊደገም ይችላል።

እኛስ በዚህ ጊዜ ምን እንላለን? «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ሶብር አላት።»

ሶብር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኛ ሶብርን የምናወድሰው ብዙ ጊዜ ታጋሹ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ለእሷ ሶብሯ ዒባዳ ነው። ለእኛ ግን ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ ባወደስናት ቁጥር «ትችለዋለች» የሚለውን እያጸናን፣ እጃችንን እየሰበሰብን። አንድ ሰው ብቻውን ድንጋይ ተሸክሞ ሲያልፍ ጥንካሬውን እያደነቁ መቆም ምን ዓይነት ወንድማማችነት ነው?

«ጉዳዩ የቤተሰብ ገመና ነው፣ ሰው ቢገባበት ልጁ ይዋረዳል» የሚል መልስ አለ። ይህን መልስ አልንቀውም። ገመና መሸፈን ዲናችን ያዘዘው ነው፤ የዚህ ልጅ ታሪክ በየቡና ቤቱ ሊወራ አይገባም፣ ፎቶው ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ተብሎ በስልካችን ሊዞር ጭራሽ አይገባም። አድጎ ያየዋል እኮ! ግን ሽፋን ከወሬኛ ነው እንጂ ከረዳት አይደለም። ከሁሉም ሰው ሲደበቅ ምስጢሩ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መንደሩ ሁሉ አይደለም። ሁለተኛ ሰው ነው። ጨርቅ መቀየር፣ ቆዳ ማጠብ፣ ማስፊያውን መያዝ የሚያውቅ አንድ ተጨማሪ ሰው። ነርስ የምትሆኑ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናትን አስተምራችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት «ሁለተኛው ሰው ማነው?» በሏት፤ እሱንም ጠርታችሁ በእጁ አሠሩት።

ያ ሁለተኛ ሰው በመጀመሪያ አባቱ ነው። ፊቅህ ላይ የልጅ ቀለብና ወጪ የአባት ግዴታ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ለኒካሕ ስንቀመጥም እንሰማዋለን። በእጅ የሚሠራው ሥራ ግን ለወንድ ነውር ይመስለናል። የበሬ ቁስል የሚያጥብ፣ የፈረስ እግር የሚያክም ገበሬ የገዛ ልጁን ሆድ ማጠብ የማይችልበትን ምክንያት እኔ አላገኘሁም።

ስለ ገንዘቡም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ በሪፈር ወረቀት የሕክምናው ወጪ ይቀልለታል። የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ግን ከኪስ ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳንግላ 80 ያህል፤ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። ወደ ጥቁር አንበሳ የተላከ ቤተሰብ ካለ አዲስ አበባ ነው። ሕፃኑ ቢሞት ለቅሶ ለመድረስ የማንሰባሰብ የለንም፣ እድሩም አለ። በሕይወት እያለ ለሦስተኛው ቀዶ ሕክምና የመኪና ሲያጣ ግን የሚሰበሰብ ጀመዓ የለም። ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች መካከል ድሃው፣ ባለ ዕዳውና መንገድ ላይ የቀረው መንገደኛ አሉ። ላም ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ሰው አገር አልጋ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ አባት ከሦስቱ በየትኛው እንደሚገባ ዑለሞቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ በሦስቱም ሊገባ የሚችልበት ጊዜ አለ ባይ ነኝ።

እናቶች የሚጨነቁበት ሌላ ጉዳይ ሶላት ነው። «ልብሴ ሁሌም ነጃሳ ነው፣ እንዴት ልስገድ?» ብላ ሶላት እስከመተው የምትደርስ አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጭናቸው ላይ የተቀመጠ ሕፃን ሲሸናባቸው አልተቆጡም፣ ልጁንም አላሸማቀቁም፤ ውሃ አስመጥተው ረጩበት። የሰገራ ነጃሳ ይታጠባል፣ ሕጉ አይለወጥም። ለሶላት የሚለይ አንድ ልብስ ወይም ከላይ የሚደረብ ነጠላ ማስቀመጥ ብዙውን ችግር ይፈታል። ከአቅሟ በላይ ለሆነው አላህ አይጠይቃትም።

ልጁ ራሱ አድጎ ሰገራውን መቆጣጠር ካልቻለስ? ይህ ይገጥማል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም አንዳንዶቹ ያመልጣቸዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ በከባድ ድርቀት ይቸገራሉ። ዑለሞች ደሟ ለማይቆም ሴት ከመጣው ሐዲስ ተነስተው ዑዝር ላለበት ሰው ሕግ አበጅተዋል። የሶላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ ይጠቀልላል፣ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፤ በመሀል ያመለጠው ሶላቱን አያበላሽም። በሐነፊዎች ዘንድ ውዱኡ ለወቅቱ ሲሆን በሻፊዒዮች ዘንድ ለእያንዳንዱ ፈርድ ነው። ልጁ ይህን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሊያውቀው ይገባል፤ አለበለዚያ ራሱን ከሶላት ሰዎች ውጭ ቆጥሮ ያድጋል።

ብዙዎቹ በሕክምና ክትትል፣ በአመጋገብና በየቀኑ አንጀት በማጠብ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ሆነው መዋል ይችላሉ። ይህን ማጠቢያ በቤት የምታስተምረውም ነርስ ናት። አንዳንድ ቀን ግን አይሳካም። ቁርኣን የምታስቀሩ ኡስታዞች፣ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ቦታውን ከበሩ አጠገብ አድርጉለት። መውጣት ሲፈልግ እጁን ሳያወጣ፣ ሳያስፈቅድ ይውጣ። ሲመለስ የት ነበርክ አትበሉት። በመጸዳጃው በኩልም ውሃ ያለበት ጀሪካን፣ ሳሙናና የሚዘጋ በር ይኑር።