የቡና አተላ አይደፋም

በረካው ተጠጥቶ ስኒው ሲሰበሰብ፣ ጀበናው ውስጥ የቀረውን አተላ የት ነው የምትደፉት ልጆቼ? አብዛኞቻችሁ ጀበናውን በውኃ አለቅልቃችሁ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ትገለብጡታላችሁ። እኛ ባደግንበት ግቢ ጓሮ ይደፋ ነበር፤ የሚቀበለው አፈር ስለነበር ማንንም አልጎዳም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ጓሮ የለም። ያለው ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው ድረስ ጎረቤት ሁሉ የሚጋራው ቱቦ ነው። የቡና አተላ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ከወጥ ዘይትና ከቅቤ ጋር ሲገናኝ ይጣበቅና ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ከታች ያለው ጎረቤታችሁ ማጠቢያ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ከምነግራችሁ ሁሉ ሌላውን ባትሠሩበት እንኳ ይህችን ያዙልኝ፤ ቱቦ ውስጥ አትድፉት።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የፈላ ቡና ጣዕሙንና አብዛኛውን ካፌይን ለውኃው ሰጥቷል። የሚቀረው ደቃቅ፣ ሻካራና ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው። ሻካራነቱ የተጣበቀ ይፈገፍጋል፣ ቀዳዳው ሽታ ይይዛል። ለጽዳት የሚያገለግለው በእነዚህ ሁለት ጠባዮቹ ነው፤ ከዚህ በላይ ተአምር የሚነግራችሁን አትስሙ።

ዋናው ሥራ ማድረቁ ነው። እርጥቡን ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ ካስቀመጣችሁት በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ የሻገተ አተላ ደግሞ ይጣላል እንጂ አይጸዳበትም። የጀበና አንገት ጠባብ ስለሆነ አተላው ብቻውን አይወጣም። ጥቂት ውኃ ጨምሩበት፣ አሽከርክሩት፣ ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወይም በሻይ ማጥለያ ላይ ገልብጡት። ጀበናውን ሳሙና አታስነኩት፤ ሸክላ ስለሆነ ይመጠውና በሚቀጥለው ቡና ላይ ጣዕሙን ታገኙታላችሁ። ጨርቁን ጥሩ አድርጋችሁ ጨምቁና አተላውን ዝርግ ትሪ ላይ በስሱ በትኑት። በበጋ ፀሐዩ ይበቃዋል፤ አልፎ አልፎ በእጃችሁ አገላብጡት። በክረምት ግን ፀሐይ እየጠበቃችሁ አታበላሹት። ቡና የቆላችሁበትን ብረት ምጣድ ሊጠፋ በተቃረበ ፍም ላይ ጥዳችሁ እያማሰላችሁ አድርቁት፤ ከአጠገቡም አትራቁ፣ የደረቀ አተላ በቀላሉ እሳት ይይዛል። መድረቁን የምታውቁት በእጃችሁ ነው። ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ደረቅ አሸዋ ከተበተነ ደርሷል፤ መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ወይም ከጓጎለ ገና ነው። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጡት።

ጀበናው ውስጥ ጨው ወይም ቅቤ የሚገባበት ቤት አተላው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጨው ብረት ያዝጋል፣ ቅቤውም ሲቆይ ይከረፋል።

የወጥ ድስት ሥሩ ሲያርርባችሁ መጀመሪያ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውኃውን ድፉና አንድ እፍኝ አተላ ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር ጨምራችሁ በእርጥብ ጨርቅ እያዞራችሁ ፈግፍጉ። ሳሙናውን አትተዉ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። እናቶቻችን ድስት የሚፈገፍጉት በአመድ ነበር። አመድ ውኃ ሲነካው የድስቱን ቅባት ራሱ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ሌላ ነገር አያስፈልገውም ነበር። የቡና አተላ ይህ ኃይል የለውም። ያረረውን ይልጣል እንጂ ቅባት አያስለቅቅም። በሌላ በኩል አመድ እጅ ያቆስላል፣ የአሉሚኒየም ድስትም ያጠቁራል፤ አተላው ለእጅም ለድስቱም የዋህ ነው። እኔ ለብረት ድስት አመድን፣ ለቀረው አተላን እመርጣለሁ። ታጥቦ ሲያልቅ እጣቢውን በወንፊት አጥልሉና ደቃቁን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ አለዚያ ከቱቦ ያዳናችሁትን መልሳችሁ ቱቦ ውስጥ ከተታችሁት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማብራራው የድሮ ነገር ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው እንዳትሉ፣ የድሮ ስለሆነም እንዳትንቁት ነው። ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠብ ነበር፣ ልብስ በእንዶድ ይነጻ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ነገሩን መረመሩት፤ ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ሴቶቹ በየቀኑ ይዘውት የነበረ ነገር ነው፤ የሚጠይቅ ሲያገኝ ስንት ነገር ወጣው። እናንተም በእጃችሁ ያለውን ለምን እንደሚሠራ ጠይቁ።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስትከትፉ የዋላችሁበትን እጅ በአንድ ቁንጥር አተላ አሹት፣ ደቃቁን ቆሻሻ ውስጥ አራግፉና በሳሙና ታጠቡ፤ ሽታው ይቀንሳል። ፍሪጅ ውስጥ በትንሽ ሳህን ክፍቱን አስቀምጡት። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቋጥራችሁ ጫማ ውስጥ ብታሳድሩትም ሽታ ይስባል። የቡናው መዓዛ ከላዩ ሲጠፋ ለውጡት።

ከሁሉ የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የከሰል ምድጃው ነገር ነው። አመድ ስታወጡ አቧራው ተነሥቶ መጋረጃውም ሶፋውም ላይ ያርፋል፤ ደረት ለሚያማቸውም ደግ አይደለም። ፍሙ ፈጽሞ መጥፋቱን አረጋግጡና እርጥቡን አተላ አመዱ ላይ በትኑት። አመዱ ይከብድና ሳይበን ይነሣል። ለዚህ ማድረቅ እንኳ አያስፈልግም፣ ከጀበናው የወጣው እንዳለ ይሆናል።

ቡና ቀለም መሆኑን አትርሱ። ነጭ እብነ በረድ፣ ያልተቀባ እንጨት፣ ነጭ ጨርቅና ምንጣፍ አታስነኩት፤ ይበልዛል። ምግብ የማይዘው የቴፍሎን መጥበሻም በእሱ አይፈገፈግም፣ ይቧጨራል። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ክፍቱን መሬት ላይ አትተዉት፤ የቀረው ካፌይን ውሻን ይመርዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን በተለይ ሕፃን ያላችሁ አድምጡኝ። የቡና አተላ ጀርም አይገድልም። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ሽንት ቤቱንም በበረኪና። ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ብቻ ሁሉን ነገር በአተላ ማጽዳት ቤተሰብን ማሳመም ነው። አቼቶም ለጽዳት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ከጽዳት የተረፈ፣ ሳሙና ያልነካው አተላ ካለ በረንዳ ላይ ላሉት አበቦች ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ከላይ በወፍራሙ አትከምሩት፤ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራና ውኃ አያሳልፍም። ገና ለበቀለ ችግኝም አትስጡ።

ይህን ሥራ ለሴት ልጆቼ ብቻ የነገርኩ እንዳይመስላችሁ። ቡናውን አብረን እስከጠጣን ድረስ ወንዶቹም ትሪውን ፀሐይ ላይ አውጡ፣ ድስቱንም ፈግፍጉ።

በሰፈራችሁ ማኪያቶ የሚሸጥ ካፌ ካለ ደግሞ ከማሽኑ የሚወጣው አተላ ብዙ ነው፣ ጨውና ቅቤ የለበትም፣ ተጨምቆ ስለሚወጣም ከጀበናው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና አሳላፊውን በትሕትና ጠይቁ፤ የዕለቱን ውሰዱ፣ ያደረውን ተዉት።