የተማሪው ክትባት፣ የጎረቤቱ ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ።

አማ በዕድ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በራችን ላይ ከተከፈተ ወዲህ ከየክልሉ የሚመጡ ልጆች የከተማችን ሰው ሆነዋል። ዶርም ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ፤ ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ፤ ገበያችን ይወጣሉ፤ ጁሙዓ ከአባቶቻችን ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ። እነሱ የሚተነፍሱትን እኛ እንተነፍሳለን፤ የእኛንም እነሱ። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ «ሳይከተብ የሚገባ የለም» ቢል፣ ነገሩ የግቢው ብቻ አይደለም።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ብለው ነበር። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያሰሉ፣ ግዴታ የጣሉ ኮሌጆች ባሉባቸው አካባቢዎች በዚያ ዓመት የመጨረሻ ወራት ከመቶ ሺህ ነዋሪ 339 ያህል አዲስ ታማሚ፣ 5 ያህል ሞት መቀነሱን ገመቱ። ልብ በሉ፤ ይህ የተቆጠረው በነዋሪው ሁሉ ነው። ኮሮና ሃያ ዓመት የሞላውን ወጣት አብዛኛውን ጊዜ አሞት ይተወዋል፤ የሚገድለው አዛውንቱን ነው። ልጁ ክንዱን ሲሰጥ የዳኑት በአብዛኛው ስሙን እንኳ የማያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። «እኔን አያመኝም» የምትል ወንድሜ፣ እውነትህን ሊሆን ይችላል። ግን በየሳምንቱ አጠገብህ የሚሰግዱት አባት ሐቅ አላቸው። ጎረቤቱን የሚጎዳ ሰው ኢማኑ ምን ያህል እንደሚጎድል ነብያችን (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አስጠንቅቀውናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከኮሮና በፊትም በኋላም ያለ በሽታ አለ፤ ማጅራት ገትር። ከሴኔጋል ተነስቶ ኢትዮጵያ ድረስ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ነን። በጋው ሲገባ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ሰው በጠባብ ክፍል ሲታጨቅ ይነሳል። ይህ ግን ወጣቱንም አይምርም፤ በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል፤ የተረፈውን ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሐጅ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ከሑጃጆች ጋር ወደ አፍሪካ ተሻገረ፤ በዓመቱ ሱዳንን መታ፤ ኢትዮጵያም ገባ። ከዚያ ወዲህ ሳዑዲ ዓረቢያ ያልተከተበ ሐጃጅ አትቀበልም። አባቶቻችን ያን ካርድ ይዘው ሲሄዱ ማንም «ሐጄን ከለከሉኝ» አላለም። የአላህን ቤት ለመዘየር ያልከበደን ነገር፣ ዕውቀት ለመፈለግ ስንወጣ ለምን ይከብደናል?

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት።

(ሁለተኛው ኹጥባ)

ምስጋና ለአላህ ይሁን። አሁን ንግግሬ ክትባትን ግዴታ ከሚያደርጉት አዛዦች ጋር ነው።

አሚረል ሙእሚኒን ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ሰሙ። ማዘዝ ይችሉ ነበር። ግን መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠየቁ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። አንሷሮችን ጠየቁ፤ እነሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነሱ በአንድ ቃል እንመለስ አሉ። ያን ጊዜ ነው ትእዛዝ የሰጡት። ሶሓባው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲሞግቷቸው እንኳ አላሳሰሯቸውም፤ መልስ ሰጧቸው፤ ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው መሄድ መሆኑን አስረዷቸው።

እኔ ግዴታን አልቃወምም፤ ያልተመከረበትን ግዴታ ግን እፈራለሁ። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የማጅራት ገትር ክትባት ከ1 እስከ 29 ዓመት ላለው ሁሉ በየወረዳው ሲሰጥ ሰው የተሰለፈው ስለተነገረውና መድኃኒቱ ደጁ ድረስ ስለመጣለት ነው። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ኤ የሚባለው የበሽታው ዓይነት ከዚያ ወዲህ ሊጠፋ ደርሷል። ስለዚህ ክትባት የሚጠይቅ ኮሌጅ ክትባቱን ግቢው ውስጥ ያምጣ። ከካማሺ ገጠር የመጣችን ልጅ ካርድ የለሽም ብሎ ከበር አይመልሳት፤ እዚያው ይከትባት። ሕመም ኖሮበት ሐኪም የከለከለውን ይተወው። ትኩሳት የያዘውን ተማሪ የሚያስታምም ይመድብ። በሽታው ሲለወጥም ትእዛዙ ይመርመር፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ መጥቶ ክትባቱ መተላለፍን የመግታት አቅሙ ሲቀንስ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች በኋላ ግዴታውን አንስተዋል፤ ይህም ትክክል ነበር።

ተማሪዎች ሆይ! ያልተከተባችሁትን ተከተብን የሚል ካርድ መግዛት የሐሰት ምስክርነት ነው። «ክትባት ያመክናል» የሚለው ወሬ ያስፈራችሁ እህቶቼም ወሬውን ከማስተላለፋችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዑመርም ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል።

ያ አላህ! በዶርም ታመው የተኙትን ልጆች ማርልን፤ እናቶቻቸው ሩቅ ናቸው። ያ አላህ! የክትባት ሳጥን ተሸክመው እስከ ኩርሙክ፣ እስከ ሸርቆሌ የሚወርዱትን የጤና ባለሙያዎች መንገዳቸውን ሰላም አድርግላቸው። በተሾሙት ልብ ውስጥ እዝነትን፣ በእኛ ልብ ውስጥ ለጎረቤት ማሰብን ጣልልን። አሚን።