ዛፉ አንድ ቢሆንስ?

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ምን እንደምትማር ስትነግረን ቤተሰቡ ግራ ተጋባ። ትምህርቱ ኒውሮሳይንስ፣ ማለትም የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ ነው። «ታዲያ ሐኪም ልትሆኚ ነዋ!» ብንላት «ገና ነው» አለች። ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ጎን ሥነ ልቡና፣ ኮምፒዩተርና ፍልስፍና ትማራለች። እኔም መቼም አጎት ነኝና ምክር አላጣሁም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አልኳት። እሷ ግን ሳቅ ብላ «ዛፉ አንድ ቢሆንስ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መልሷን የወጣት ብልጠት ነው ብዬ አለፍኩት።

ትምህርቱ በዚህ ስም ራሱን ከቻለ ብዙ ዘመን አልሆነውም። የአሜሪካው የኒውሮሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1969 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ቀድመው ከጀመሩት አንዱ የማሳቹሴትሱ አምኸርስት ኮሌጅ ሲሆን ጊዜውም 1973 ነው። እነዚህን የተራራቁ ሙያዎች ምን አገናኛቸው? በእኔ ግምት ያገናኛቸው ሰው ነው።

ሄንሪ ሞሌሰን የሚባል የ27 ዓመት አሜሪካዊ በሚጥል በሽታ ይሠቃይ ነበር። በ1953 ዊሊያም ስኮቪል የተባሉ ሐኪም ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎሉ ክፍል በግራም በቀኝም ቆርጠው አወጡለት። በሽታው ቀለል አለለት፤ ሞሌሰን ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የኮከብ ሥዕል በመስታወት እያየ በእርሳስ ዳሩን እንዲከተል አደረጉት። በ3 ቀን ውስጥ እጁ ሥራውን ለመደ፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት መሞከሩን እንኳ አያስታውስም ነበር። እጅ የሚይዘውና ልብ የሚያስታውሰው በአንጎል ውስጥ የተለያየ ቤት እንዳላቸው ያወቅነው፣ የሐኪሙ ቢላዋ ሳይፈልግ የከፈተውን በር እርሳስና መስታወት ስለገቡበት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ሞሌሰን በ2008 እስኪሞት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ተጠንቷል። ትናንት እሺ ያለውን ዛሬ የማያስታውስ ሰው ፈቃዱን ሰጠ ሊባል ይችላልን? ይህን ማይክሮስኮፕ አይመልሰውም። ፈላስፋውም ብቻውን አይመልሰውም፤ ሰውየው ምን ሊይዝ፣ ምን ሊረሳ እንደሚችል ካላወቀ ፍርዱ አየር ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ነገሩ ቤቴ ስለገባ ነው። እናቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምራለች፤ ሕመሟ ከሞሌሰን ጉዳት የተለየ ነው። ማታ ማታ «አባትህ ዛሬ አመሸ፤ የት ሄዶ ነው?» ትለኛለች። አባቴ ካረፈ 6 ዓመቱ ነው። እውነቱን የነገርኳት ዕለት መርዶውን እንደ አዲስ ሰምታ አለቀሰች። በማግስቱ ያው ጥያቄ ተመለሰ። ታዲያ በየማታው ላርዳት? ወይስ «ይመጣል» ብዬ ልዋሻት?

ለእህቴ ልጅ ደውዬ «ሳይንሱ ምን ይላል?» አልኳት። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ነገረችኝ፦ ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ሰዎች አሳዛኝ ፊልም አይተው ፊልሙን ከረሱ በኋላም ሐዘኑ አብሯቸው ቆይቷል። «ስለዚህ እማማ መርዶውን ብትረሳውም ሐዘኑ ላይለቃት ይችላል። ይነገራት ወይስ አይነገራት የሚለውን ግን ጥናቱ አይመልስም፤ እሱን ሌላ ክፍል ውስጥ ነው የምንከራከርበት» አለች።

ለካ ዛፉ አንድ ኖሯል። ሐዘኑ እንደሚቆይ ባላውቅ «ትረሳው የለ!» ብዬ በየማታው ባረዳኋት ነበር። ማወቄ ግን ውሸትን አልፈቀደልኝም፤ የጨካኝነቴን ልክ ብቻ አሳየኝ። የቀረው ፍርድ የእኔ ነው።

አሁን ስትጠይቀኝ አላረዳትም፤ «ይመጣል»ም አልላትም። «ናፍቆሽ ነው?» እላታለሁ። እሷም ስለ እሱ ታወራልኛለች። ይህ እውነትን ማክበር ይሁን ከእውነት መሸሽ፣ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም።