ለማይናገር ፍጡር መፍረድ

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ካቋረጠ በኋላ በሐረና ደን አፋፍ ላይ ሪራን ያገኛል። ከበላይ ውርጭ የሚገርፈው ሜዳ፣ ከበታች ኮሶና ቀርከሃ የሚበቅልበት ጫካ አለ። መንገደኛው በሳነቴ ላይ ፍልፈል ሲያደባ የሚያየው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ጠቅላላ ቁጥሩ ከ500 ያነሰ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው።

የዚህ እንስሳ ዋነኛ ጠላት ከሰው ቤት የሚወጣ ነው። እረኛው ከብቱን ከአውሬ እንዲጠብቅለት ይዞት የሚሄደው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ተራራው ይዞ ይወጣል። በሽታው በ1984 ዓ.ም. ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ። በ1996 ዓ.ም. ተመልሶ በመጣ ጊዜም በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉን ጨረሰ። መከላከያው ክትባት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ነገር ግን ከዕውቀቱ ጋር አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ በቁጥር እጅግ ጥቂት ለቀሩ ፍጡራን፣ የረጅም ጊዜ ውጤቱ በእነርሱ ላይ ያልታየ ነገር ሊሰጣቸው ይገባልን?

ጥያቄው ከባዶ ፍርሃት የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በታንዛንያ በሰሬንጌቲ ሲጠኑ የነበሩ የዱር ውሾች መንጋዎች ጠፉ። አንዳንድ ሊቃውንት ጥፋቱን ከመያዛቸውና ከመከተባቸው ጋር አያያዙት፤ ሌሎች አስተባበሉ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በብርቅዬ እንስሳ ላይ መርፌ የሚያነሣ እጅ ሁሉ መንቀጥቀጡ አልቀረም።

ይሁንና ከዚህ መንቀጥቀጥ በስተጀርባ አንድ ስውር ሚዛን አለ። በሽታ የገደለው ፍጡር የተፈጥሮ ሟች ይባላል፤ መርፌ የገደለው ግን ገዳዩ ስም አለው። ስለዚህ ሰው ስሙን ለማዳን ሲል እጁን ይሰበስባል፤ መሰብሰቡንም ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል። በእውነት ሲመዘን ግን ውሻውን ወደ ተራራው ያወጣው ሰው ነውና ዝም ማለቱም ፍርድ ነው። በአንጻሩም የማዳን ፍላጎት ብቻውን ለችኮላ ፈቃድ አይሆንም። የሁለቱ መካከለኛ መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ፈተና ነው።

በባሌ የሆነውም ይኸው ነው። በ1996 ዓ.ም. 70 ያህል ቀበሮዎች ተይዘው፣ የሞተ ቫይረስ ያለበት ክትባት ተወጉ። መያዙ ራሱ እንስሳውን የሚያስጨንቅ ስለሆነ በኋላ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ታሰበ። ይህኛው ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ በመሆኑ፣ ማባበያውን ሌላ አውሬ ቢበላውስ የሚል ሥጋት ነበረበት። ስለዚህ አስቀድሞ በሌሎች አገሮች በልዩ ልዩ ሥጋ በሎችና በአይጥ ዓይነቶች ላይ ተፈተነ። ከዚያም በባሌ ለጥቂት መንጋዎች ተሰጠ፤ ደማቸው ተመረመረ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ክትትል ተደረገባቸው። በመጨረሻ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ባለሙያዎች በሌሊት፣ በፈረስ እየተጓዙ፣ በፍየል ሥጋ የተሸፈነውን ክትባት በዌብ ሸለቆ ለቀበሮዎች አደሉ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚረሳ ባለውለታ አለ። በሩቅ አገር በጎጆ ተዘግተው የተፈተኑት እንስሳት ሳነቴን አላዩም፤ ከቀበሮውም መትረፍ ያገኙት ጥቅም የለም። ፈቃዳቸውን የጠየቀ፣ ሊጠይቅም የሚችል የለም። ሊከፈላቸው የሚችለው ዋጋ እውነት ብቻ ነው፤ ይኸውም የታየው ጉዳት ሳይደበቅ መመዝገቡ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ውጤት እንደ መጨረሻ አለመቆጠሩ፣ አንዴ የተፈተነው ደግሞ ያለ ምክንያት በሌላ ፍጡር ሥቃይ እንዳይፈተን ማድረግ ነው።

ለሪራ እረኛም ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ያው በሽታ ውሻውንም ልጁንም ይገድላልና ውሻውን ማስከተቡ ለቀበሮውም ለቤቱም አጥር ነው። ለማይናገር ፍጡር የሚፈርድ ሰው ከፍርዱ በኋላ ዞር ብሎ ያደረሰውን የማየት ግዴታ አለበት። ዘንድሮ የዳነው ቀበሮ ለከርሞ እንዴት እንደዋለ፣ ግልገሎቹስ እንዴት እንዳደጉ ሄዶ ያላየ፣ ሥራው ደግ ይሁን ክፉ ገና አላወቀም።