ሰርዶ በጽጌ ረዳው ሥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በእነዚህ ቀናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰብን፣ እርሷንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰልን እናመሰግናለን። በየግቢያችንም ክረምቱ ሲወጣ አበባው ይፈካል። ነገር ግን ዝናቡ አበባውን ብቻ አያበቅልም፤ አረሙንም ያበቅላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አበባው ሳይሆን፣ ከአበባው ሥር ተደብቆ ስለሚኖረው ስለ ሰርዶ ጥቂት እንነጋገር።

ሰርዶን የማያውቅ የለም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያልን እንተርታለን። አህያዋ ብትልም ባትልም ግን ሰርዶ ይበቅላል። ሰርዶ በራሱ ክፉ ፍጥረት አይደለም። በመስክ ላይ ለከብት መኖ ይሆናል፤ በተዳፋት ቦታ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል። ክፋቱ ያለ ቦታው መግባቱ ነው። በጽጌ ረዳ መደብ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ይሻማል፣ ማዳበሪያውን ይበላል፣ ለጋውን ችግኝ ያንቃል። በእኛም ውስጥ እንዲሁ ነው። ቁጣ ግፍን ለመቃወም ሲሆን ይጠቅማል፤ በወንድም ላይ ሲያድር ግን ቂም ይሆናል። የመከበር ፍላጎት ሰውን ለመልካም ሥራ ያነሣሣል፤ ያለ ቦታው ሲገባ ግን ቅናትና ትዕቢት ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሣር ለምን አስቸጋሪ ሆነ? ሰርዶ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው በምድር ላይ እየተሳበ ነው፤ ይህን ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው ከአፈር በታች ነው፤ ነጭና ጫፉ ሹል የሆነው ግንዱ ማንም ሳያየው ከመደብ ወደ መደብ ይሻገራል። በሁለቱም ላይ አንጓዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱም አንጓ ሥርና ቡቃያ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ተናዶ በዶማ ቢከታትፈው አረሙን አላጠፋም፤ ዘርቶታል። ላዩን ብቻ ቢያጭደውም ለጥቂት ቀን መደቡ የጸዳ ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እንደ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን በራሳችን አላየነውም? አንዱ ከባልንጀራው ጋር ተጣልቶ ይታረቃል፤ እጅ ይጨባበጣል፤ በልቡ ግን ያችን አንዲት ቃል ይዞ ይኖራል። ሌላ ቀን በትንሽ ነገር ቂሙ ከሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክቱ፣ ምዕራፍ 12፣ መራራ ሥር በቅሎ ብዙዎችን እንዳያረክስ ሲያስጠነቅቅ ስለ ቅጠል ሳይሆን ስለ ሥር መናገሩን ልብ እንበል።

የአትክልት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ሰርዶን የሚያሸንፉት በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት ነው። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ፎርካ በሚባለው ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ከሥር ያነሡታል እንጂ አይቆራርጡትም። አፈሩን በእጃቸው እያራገፉ ነጩን ግንድ እስከ ጫፉ ይከተሉታል። ከጽጌ ረዳው ሥር ጋር የተቆላለፈ እንደ ሆነ አይጎትቱም፤ አንዳንዴም ተክሉን ራሱን በጥንቃቄ ነቅለው፣ ከሥሩ መካከል ሰርዶውን አንድ በአንድ ለይተው መልሰው ይተክሉታል። የለቀሙትንም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ እርጥቡን አይጥሉትም፤ በዚያ ሊያንሠራራ ይችላልና። በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ አስጥተው፣ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ለፀሐይ ይሰጡታል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የቀረች አንዲት አንጓ ትበቅላለች። ጠንቃቃ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በየሳምንቱ ተመልሶ ያያል፤ ቡቃያዋንም ቅጠሏ ሳይሰፋ ያወጣታል። ቅጠሉ ፀሐይ ባገኘ ቁጥር ለሥሩ ስንቅ ይልካልና። ሳይሰንቅ ደጋግሞ የተነቀለ ሥር ግን እየደከመ ይሄዳል። ይህ የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አንዳንዱ «መድኃኒት ረጭቼ ልገላገል» ይላል፤ በቅጠል ገብቶ እስከ ሥር የሚገድል ፀረ አረም ግን ሰርዶውን ከጽጌ ረዳው አይለይም፤ ነፋስ ከወሰደው አበባውንም ያደርቃል።

ንስሐም እንዲሁ ነው። በላይ ያለውን ቅጠል ብቻ ለንስሐ አባቱ ነግሮ ሥሩን በአፈር የሚሸፍን ሰው መደቡን አላጸዳም። የተሠወረው ነገር ወደ ብርሃን ሲወጣ እንደ ተሰጣ ሰርዶ ይደርቃል። ተናዝዞም እንደ ገና ቢፈተን «እኔ ድሮም አልረባም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ቡቃያው መታየቱ ሥራው ከንቱ ለመሆኑ ምልክት አይደለም፤ አንዲት አንጓ እንደ ቀረች ያመለክታል እንጂ። ትንሽ ሳለች ይንቀላት። የወጣትነት አፈር ለስላሳ ነው፤ በመስከረም በእጅ የሚወጣው ሥር አፈሩ በደረቀ ጊዜ በዶማም ያስቸግራል።

ሌላም የምንማረው አለ። ሰርዶ ጥላ አይወድም። ባዶ መደብ አረምን ይጠራል፤ አበባ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተተከለበት፣ ክፍት ቦታውም በደረቅ ቅጠልና በገለባ የተጎዘጎዘ መደብ ግን መግቢያ ይነሣዋል። ጌታችንም ርኩስ መንፈስ ወጥቶለት ባዶ ስለ ተገኘው ቤት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አስተምሮናል፤ የኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ሆነ። መጥፎ ጓደኛ መተው መልካም ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ምን እናደርጋለን? በሐሜቱ ፋንታ መዝሙር፣ በዋዛው ፋንታ ንባብ፣ በሥራ ፈትነቱ ፋንታ የታመመ ጥየቃ ካልተተከለ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቆይም።

ደግሞም አረም ሁሉ አስቀያሚ አይደለም። የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታና የመጣው ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው። አበባው ብጫና ቀይ ሆኖ ስለሚያምር ሰዎች በዓለም ዙሪያ ለግቢ ጌጥና ለአጥር ተከሉት። ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በተኑት፤ ዛሬ በአገራችን አንዳንድ ቦታ የግጦሽ መሬት ወርሯል፤ የበላውንም ከብት ይመርዛል። እንቦጭም እንዲሁ በአበባው ውበት ምክንያት ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደ ነው፤ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነበር። እነዚህን ወደ ብዙ ቦታ ያገባቸው የጠላት እጅ አይደለም፤ ውበታቸውን ያየ የሰው እጅ ነው። እኛም ወደ ልባችን የምናስገባውን በአበባው ብቻ ሳይሆን በፍሬው እንመርምረው።

አሁን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። «ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንክርዳዱ ከስንዴው ጋር እስከ መከር ይቆይ ብሎ የለም? ታዲያ ስለ ምን አረም ንቀሉ ትሉናላችሁ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንክርዳድ እሸት እስኪያወጣ ድረስ ስንዴን ይመስላል፤ ሥራቸውም ይጠላለፋል። ባለቤቱ የከለከለው ስለ እንክርዳዱ ሲራራ ሳይሆን ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው። ጌታችን ራሱ ምሳሌውን ሲተረጕም እርሻው ዓለም ነው፣ ስንዴውና እንክርዳዱም ሰዎች ናቸው፣ አጫጆቹም መላእክት ናቸው አለ። እንግዲህ ሰውን ነቅሎ የመጣል ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም። የልቤ መደብ ግን የእኔ ነው፤ በእርሱ ላይ ያለውን ሰርዶ እስከ መከር ላቆየው አልታዘዝኩም።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን እንገለብጠዋለን። በራሳችን መደብ ላይ «ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል» እንላለን፤ በወንድማችን ላይ ግን ዶማ እናነሣለን። አንድ ወጣት ሲጠጣ ታየ ይባላል። አንዲት እኅት ስሟ በክፉ ይነሣል። ወሬው ከመዝሙር ክፍል ወደ ጸሎት ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሠፈር እንደ ሰርዶ ከአፈር በታች ይሄዳል። በሚቀጥለው እሑድ ያ ልጅ ሲገባ ዓይን ሁሉ ይዞርበታል፤ ቀጥሎ ይቀራል። ከዚያ «ድሮም ከእኛ አልነበረም» እንላለን። ወገኖቼ፣ ምናልባት የነቀልነው ስንዴ ቢሆንስ? እሸት ሳያወጣ ማን ለየው? የዚያን ነፍስ ዋጋ ከእኛ ማን ይጠይቃል?

ይህ ማለት ጥፋትን አይተን ዝም እንበል ማለት አይደለም። ጌታችን በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ለብቻው ሄደህ ምከረው ብሎ ሥርዓቱን አሳይቶናል። ምክርና ተግሣጽ የሚሰጡ አባቶችም አሉ። በቅንነት የሚመክር ሰው ከጽጌ ረዳው ሥር ሰርዶውን በጣቱ እንደሚለይ ሰው ነው፤ በሐሜት የሚነሣው ግን አበባውንም አረሙንም በአንድ ላይ ይቆርጣል።

ሰርዶ ከጎረቤት በአጥር ሥር ያልፋል። ብልህ ሰው በአጥር ላይ ቆሞ ጎረቤቱን ሲሰድብ አይውልም፤ በራሱ ወገን የአጥሩን ሥር ተከትሎ ጠባብ ቦይ ይቆፍራል፤ የሚሻገረውንም እየጠበቀ ይነቅላል። ጎረቤቱ «እስቲ እርዳኝ» ሲለው ግን ፎርካውን ይዞ ይሄዳል። ሥራውን በራሱ መደብ ስለሚያውቀው እጁ አይከብድም።

ስለዚህ በዚህ ዘመነ ጽጌ ሁለት ነገር እናድርግ። በመጀመሪያ እያንዳንዳችን በልባችን ካሉት አንዱን ሥር ለይተን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ። ቀጥሎም ከመካከላችን የቀረውን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ቤታቸው ሄደን እንጠይቅ፤ ስላለፈው ነገር ሳናነሣ «ናፍቀኸናል፤ እሑድ አብረን እንሂድ» እንበለው።

ምድርን በአበባ ያስጌጠ አምላክ ልባችንን ከመራራ ሥር ሁሉ ያንጻልን፤ በእጃችን ምክንያት የደረቀውንም ተክል ያለምልምልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።