የሕሙማን አገልጋዮችን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የማን ነው?

ሕሙማንን የሚያገለግሉ ነርሶች ስለሚከፍሉት መሥዋዕትነት በየጊዜው ብዙ ምስጋና ይነገራል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ሆኖም መሥዋዕትነት የሚለው ቃል የቸልተኝነት መሸፈኛ ሲሆን እንመለከታለን። መሥዋዕት ሰው ፈቅዶ የሚያቀርበው ነው። ጓንት ሳይገዛ በመቅረቱ በነርሷ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ያለ ፈቃዷ ከእርስዋ የተወሰደ ነው።

ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ በጀማ ሸለቆ አፋፍ በምትገኘው በለሚ፣ ወይም በማናቸውም የሰሜን ሸዋ የገጠር ከተማ የምትሠራን ነርስ እናስብ። ታዋልዳለች፣ ቁስል ትሰፋለች፣ መርፌ ትወጋለች። ደም የነካው መርፌ ጣቷን ቢወጋት ብዙዎቻችን የምንፈራላት ኤች አይ ቪን ነው። ነገር ግን ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በዚህ መንገድ የመተላለፉ ዕድል ከ1000 ውጊያ በ3ቱ ገደማ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ክትባት ላልወሰደች ነርስ ከ100 ውጊያ ከ6 እስከ 30 በሚሆኑት ሊተላለፍ ይችላል። ለዚህ በሽታ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ። በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ነርሶች አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው አላገኙትም። ለኤች አይ ቪም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ሐሜት ፈርታ ዝም ካለች ግን ሰዓቱ ያልፋል።

በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ከሩቅም ቢሆን ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1976 በቀድሞዋ ዛየር፣ በያምቡኩ የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል በየማለዳው 5 ሲሪንጅና መርፌ ብቻ ይታደል ነበር። ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቢበዛ በሞቀ ውኃ ይለቀለቅ ነበር። በኋላ ኢቦላ የተባለው በሽታ በእነዚያ መርፌዎች ተዛመተ፤ ከ17ቱ ሠራተኞች 11ዱ ሞቱ፣ ከሟቾቹም መካከል ደናግል ነበሩ። ሕዝቡን ይወዱ እንደ ነበር ማንም አይጠራጠርም። ፍቅራቸው ግን ሲሪንጁን አላነጻውም።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ነርሷም የበኩሏ ግዴታ አለባት፤ ያገለገለን መርፌ መልሳ ሳትከድን በተዘጋጀለት ሣጥን ትጥላለች። ያለዚያ የሚወጋው ቆሻሻ የምታነሣውን የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ስለ እርስዋ ደግሞ የምስጋና ንግግር የሚያደርግ እንኳ የለም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በሌሊት ጓንት አልቆ ሳለ ደም የሚፈሳት ወላድ ብትመጣ ነርሷ ምን ታድርግ? እጇን ብትዘረጋ ሕይወቷን ታሰጋለች፤ ብትመልስ እናቲቱ ትሞታለች። በየትኛውም ብትወስን ልንፈርድባት አንደፍርም። የሚጠየቀው ጓንቱን በቀን መግዛት ሲችል ያልገዛው ነው።

እኛም ምእመናን ከተጠያቂነት አናመልጥም። ሐኪም ቤት ሄደን ሳንወጋ ከተመለስን ያልታከምን ይመስለናል፤ ኪኒን ለሚበቃው ሕመም መርፌ እንለምናለን። እያንዳንዱ ያላስፈላጊ መርፌ ነርሷን ያለምክንያት ለአደጋ ያጋልጣል። ጓንት ስታጠልቅ ደግሞ «ተጸየፈችኝ» እንላለን። ደንቡ የማንኛውም ሰው ደም በእኩል ጥንቃቄ እንዲያዝ የሚያዝ ነው። ለተጠረጠረው ብቻ ቢጠለቅ ኖሮ ጓንቱ በሕመምተኛው ላይ የተለጠፈ ምልክት በሆነ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለቤተሰቦች ቢያስረዱ፣ ነርሷ በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ከይሉኝታ ጋር መታገሏ ይቀርላታል።